ማህሙድን የዋጠ ቀዳዳ

እሑድ ጠዋት የግቢያችን ጋሼ በሬን አንኳኩ። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። እሳቸው ዘንድ በመሐረብ የሚጠቀለል ወይ ገንዘብ ነው ወይ የታመመ ነገር።

«ማህሙድ ጠፋብኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«የቱ ማህሙድ፣ ጋሼ?»

«ማህሙድ አህመድ ነዋ! ባንዱ አለ፤ ሳክስፎኑ አለ፤ ከበሮው አለ። እሱ ብቻ የለም። ያ ሚሞሪዬ ላይ ዘፈን የጫነልኝ ልጅ አጭበርብሮኝ ነው መሰል።»

ኤርፎኑን ተቀብዬ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። እውነታቸውን ነው። ሙዚቃው ይንቆረቆራል፣ ዘፋኙ ግን የለም። ድምፁ ሊሰማበት የሚገባው ቦታ ላይ ማሚቶው ብቻ ቀርቷል፤ ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል።

«ሬዲዮውም እኮ ሺሺሺ ይላል» ብለው ጨመሩ። «ድሮ ቁልጭ አድርጎ ይይዝ ነበር። አርጅቷል፣ አይደል?»

ስልኩ አላረጀም። ዘፈን የጫነው ልጅም አላጭበረበረም። የጠፋው ዘፋኝና ሺ የሚለው ሬዲዮ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ነበሩ፤ በሽታው ደግሞ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ የኪስ ብናኝ። ይህን ያወቅሁት ስልኩን ፈትቼ አይደለም። የኤርፎን ቀዳዳ ሲታመም የት ጋ እንደሚያመው ራሱ ይናገራል፤ የቱ ጆሮ ዝም አለ፣ ምን ጠፋ፣ ምን ተረፈ ብሎ ላዳመጠው ሰው።

አስቀድመን በስም እንግባባ። የጥገና ሰዎች ኤርፎኑ ጫፍ ላይ ያለውንም ስልኩ ላይ ያለውንም «ጃክ» ነው የሚሉት፤ መለየት ሲፈልጉ ወንዴና ሴቴ ይላሉ። እኔ እዚህ ወንዴውን ሹል፣ ሴቴውን ቀዳዳ እላቸዋለሁ።

ሹሉን ወደ ብርሃን አስጠግተው ይዩት። ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ወጥ ብረት ይመስላል፤ ግን ጥቁር ወይም ነጭ ቀጫጭን ቀለበቶች ቆራርጠውታል። ቀለበቶቹ ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ናቸው። ሁለት ቀለበት ካለው ብረቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፣ ሦስት ቀለበት ካለው አራት ቦታ። ጫፉ የግራ ጆሮ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ያለው የቀኝ ጆሮ። ከዚያ በዛሬዎቹ ስልኮች ዘንድ ግራውንዱ ይመጣል፤ ወደ ሁለቱም ጆሮ የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ስልኩ የሚመለስበት የጋራ መንገድ ነው። አራተኛው፣ ካለ፣ የማይክሮፎኑ።

ቀዳዳው ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል አንዳንድ የብረት ምላስ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ምላሶቹ ሞላ ናቸው፤ ሹሉ ሲገባ ገፍቷቸው ያልፋል፣ እነሱ መልሰው ይጫኑታል። ሹሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣት ላይ የምትሰማ «ቀጭ» አለች። የሹሉ ጫፍ ወገብ አለው፤ አንዱ ምላስ እዚያ ወገብ ውስጥ ሲቀመጥ ነው ቀጭ የሚለው። የጋሼን ስልክ ስሞክር ያቺ «ቀጭ» አልነበረችም። ሹሉ ገብቶ፣ ገብቶ፣ ለስላሳ ነገር ላይ እንደ ማረፍ አለና ቆመ። አንገቱ ላይ ከብረቱ ስስ መስመር ውጭ ቀርቷል። አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

አንድ ሚሊሜትር እዚህ ሰፈር ውስጥ ትልቅ ርቀት ናት። ግራውንዱን ሊነካ የሚገባው ምላስ ግራውንዱን ስቶ ፕላስቲኩ ቀለበት ላይ አርፏል። የመመለሻው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ታዲያ መመለሻ ከሌለ ለምን ጭራሽ ጸጥ አላለም?

ሌላ መንገድ ስላለ። ወደ ግራ ጆሮ የሄደው ኤሌክትሪክ በግራውንዱ መመለስ ሲያቅተው በቀኙ ጆሮ በኩል አድርጎ ይመለሳል፤ የቀኙም እንዲሁ በግራው። አሁን ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ሽቦ ላይ ተራ የቆሙ ሆኑ። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ሲገፉት አስቡ፤ ጉልበታቸው እኩል ከሆነ በሩ ንቅንቅ አይልም፣ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ከሌላው በሚበልጥበት መጠን ብቻ ነው። በስቱዲዮ የሚሠራ ዘፈን ላይ ዘፋኙ መሐል እንዲሰማ ድምፁ በግራና በቀኝ እኩል ይከፈላል። እኩል ስለሆነ ይጣፋል። ሳክስፎኑ ወደ ግራ፣ ጊታሩ ወደ ቀኝ ዘንበል ተደርጎ ከሆነ እነሱ ይተርፋሉ። የዘፋኙ ማሚቶም ለሁለቱ ጆሮ እኩል ስለማይሰጥ ከሩቅ ይሰማል። የቆዩ የካራኦኬ መሣሪያዎች ዘፋኙን ከዘፈኑ የሚያወጡት ይህንኑ ዘዴ ሆን ብለው በመጠቀም ነው። በሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁሉም ነገር በሁለቱ ጆሮ እኩል ስለሆነ ጭራሽ ጸጥ ይል ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ «ጠፋ» የሚሉት ማህሙድን ብቻ አይሆንም፣ ባንዱንም ጭምር ነው።

ይህን በቤትዎ በደቂቃ ሊሞክሩት ይችላሉ። ደህናውን ኤርፎን ሰክተው ዘፈን ይክፈቱና ሹሉን በጣም በዝግታ ወደ ውጭ ይሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ዘፋኙ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ትንሽ መልሰው ሲገፉት ይመለሳል። እኔ ይህን ለልጆች ሳሳይ ማታ ድረስ ሌላ ጨዋታ አይፈልጉም።

ሬዲዮውስ? እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ስልክ ላይ ኤፍ ኤም ሲያዳምጥ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ስልኩ «ኤርፎን ሰካ» እያለ የሚያስቸግረው ለማዳመጥ አይደለም፤ በስፒከር ቢሰሙትም ኤርፎኑን ይጠይቃል። የኤርፎኑ ገመድ አንቴናው ነው። ሸገር 102.1ን ብንወስድ፣ ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ94 ሳንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንዲህ ያለውን ሞገድ ለመያዝ ጥሩ አንቴና የሚባለው የርዝመቱ ሩብ ነው፣ 73 ሳንቲሜትር ያህል። ይህን የሚያህል ዘንግ ስልክ ውስጥ የት ይገባል? አንድ ሜትር አካባቢ የሚሆነው የኤርፎን ገመድ ግን በነፃ የተገኘ አንቴና ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ሬዲዮው ሞገዱን የሚቀበለው ደግሞ በገመዱ ግራውንድ በኩል ነው። ግራውንዱ ሲለቅ ዘፋኙም አንቴናውም አብረው ሄዱ። ሁለት ምልክት፣ አንድ ምላስ።

ይህ ሹል ከስልክ ጋር ያለው ዝምድና አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ የመጀመሪያው የንግድ የስልክ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ተከትለው በመጡት ሰሌዳዎች ላይ ኦፕሬተሮቹ ሹል ያለው ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ ደዋዩን ከተደዋዩ ያገናኙ ነበር። ክፍለ ሀገር ለመደወል ኦፕሬተር ጠይቆ ወረፋ የጠበቀ ሰው የዚያን ሰሌዳ ጥላ ያውቀዋል። ቻርልስ ስክሪብነር የሚባል መሐንዲስ የነደፈው ማገናኛ ታጣፊ ሰንጢ ይመስል ስለነበር በእንግሊዝኛው የሰንጢ ስም «ጃክናይፍ» ተባለ፣ «ጃክ» የሚለው ስምም ከዚያ እንደቀረ ይነገራል። የያኔው ሹል 6.35 ሚሊሜትር ነበር፤ ዛሬም ኪቦርድና ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የሚሰካው እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ 3.5 ሚሊሜትሩ በትንንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ገብቶ፣ በ1979 ሶኒ ዋክማን የሚባለውን የእጅ ካሴት ማጫወቻ ሲያወጣ ዓለምን አዳረሰ። የመጀመሪያው ዋክማን ሁለት የኤርፎን ቀዳዳ ነበረው፤ ብቻውን ጆሮውን ደፍኖ የሚሄድ ሰው ነውረኛ እንዳይመስል፣ ሁለት ሰው አብሮ እንዲያዳምጥ። በ2016 አፕል አይፎን 7ን ያለ ቀዳዳ አወጣና ይህን ያደረገው በድፍረት እንደሆነ ተናገረ። ከሁለት ቀዳዳ ወደ ዜሮ፣ በ37 ዓመት። ውድ ውዶቹ ስልኮች አፕልን ተከተሉ፤ ርካሾቹ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያሉት፣ ቀዳዳውን ይዘው ቀሩ። ስለዚህ ማጽዳቱን እንማር።

ግን ከማጽዳት በፊት አንድ ነገር። ጥፋተኛው ስልኩ መሆኑን አጣሩ? ሌላ ኤርፎን እዚሁ ስልክ ላይ ይስኩ፤ ያንኑ ኤርፎን ደግሞ ሌላ ስልክ ላይ ይስኩ። ሁለት ሙከራ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰው ግን ይዘለዋል። በእኔ ገጠመኝ «ጃኩ ተበላሸ» ከተባሉት ውስጥ አብዛኞቹ የኤርፎኑ ገመድ ነበሩ። ገመዱ ሹሉን የሚለቅበት አንገት ላይ ቀን ከሌት ይታጠፋል፤ ውስጡ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ምልክቱ ቀላል ነው። አንገቱን ሲያጥፉት ድምፁ ከመጣና ከሄደ ገመዱ ነው፤ ገመዱን ሳይነኩ ሹሉን ብቻ ቀዳዳው ውስጥ ሲያሽከረክሩት ከተንጫጫ ቀዳዳው ነው። ቴስተር ያለው ሰው አንዱን ዘንግ ጫፉ ላይ፣ ሌላውን ግራውንዱ ላይ ቢያሳርፍ ግራ ጆሮው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ንባቡም ብዙ ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም አካባቢ ይሆናል። ምንም ካላነበበ ክሩ ተበጥሷል፤ ስልኩን አታሰቃዩት።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ስልኩን ያጥፉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። የሌላ ስልክ መብራት ወደ ውስጥ እያበሩ በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ጤነኛ ቀዳዳ ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጩ ምላሶች፣ ታቹ ላይ ጨለማ አለው። የጋሼ ቀዳዳ ታቹ ላይ ግራጫ ምንጣፍ ነበረው። ጂንስ ኪስ ከሆነ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሴት ቦርሳ ከሆነ ከፓውደር ጋር የተጋገረ ነው። ምንጣፉ በአንድ ቀን አይደለም የተሠራው። በተሰካ ቁጥር ሹሉ አዲሱን ብናኝ ወደ ታች ይጠቀጥቀዋል፣ ልክ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚያደርገው። እኛው ነን የወቀጥነው።

መሣሪያው ስቴኪኒ ነው። የእንጨት መሆን አለበት። ጫፉን በምላጭ ትንሽ አሳስቼ፣ ቀዳዳው ዳርና ዳር ሳይሆን መሐል ለመሐል ታች ድረስ አወረድኩት፤ ምንጣፉ ላይ ሲደርስ በዝግታ አሽከረከርኩ። ጠንክሮ መውጋት አይደለም፤ የምንፈልገው ብናኙ እንጨቱ ላይ እንደ ፈትል እንዲጠመጠም ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ባዶውን ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጥቂት ፀጉር መሳይ። ሦስተኛው ላይ ሙሉው ምንጣፍ፣ እንደ ትንሽ ግራጫ ቆብ የቀዳዳውን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ጋሼ መሐረባቸው ላይ አስቀመጡትና በመነጽር አዩት።

«ይህ ሁሉ እዚያ ውስጥ?»

ቀዳዳውን ወደ መሬት ደፍቼ ጀርባውን በመዳፌ ጠብጠብ አደረግሁ፤ የቀረው አቧራ ወረደ። እፍ አላልኩም። እፍታ ለከሰል እሳት ነው፤ ቀዳዳ ውስጥ ትንፋሽ እርጥበት ትቶ ይሄዳል። የታመቀ አየር ቆርቆሮ ካለ ግን ጥሩ ነው፣ ቆርቆሮው ቀጥ ብሎ ይያዝና በአጫጭሩ ይነፋ።

ብናኙ ወጥቶ አሁንም ሹሉ ሲሽከረከር ከተንጫጫ ምላሶቹ ላይ ዝገት ወይም የላብ ጨው አለ። እዚህ ላይ አልኮል ይገባል። ምርጡ 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ባለ 70 በመቶ ቀሪው ውሃ ስለሆነ፣ እሱ ብቻ ከተገኘ በጣም ጥቂት ተጠቅሞ ለመድረቅ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ፈጽሞ አይሆንም፤ እጅ እንዳይደርቅ የተጨመረበት ነገር ምላሶቹ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ስቴኪኒው ጫፍ ላይ በጣም ስስ ጥጥ ጠምጥመው፣ አልኮል አስነክተው፣ ጨምቀው ያስገቡ። እርጥብ ይሁን፣ አይንጠብ። ከዚያ ስልኩ ጠፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። በመጨረሻ ደረቁን ሹል አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ማስገባትና ማስወጣት ምላሶቹን ፍቆ ያጸዳቸዋል። ይህች የመጨረሻዋ ብቻዋን፣ ያለ አልኮል፣ ከገመቱት በላይ ብዙ ስልክ ታድናለች።

ስለ መርፌ ቁልፍ ልናገር፤ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ከዓመታት በፊት የራሴን ስልክ እንዲህ ባለ ብናኝ ምክንያት በመርፌ ቁልፍ ጎረጎርኩት። ብናኙ ወጣ፣ ደስ አለኝ፤ ስሰካው ግራ ጆሮው ጭራሽ ዝም አለ። በመብራት ሳየው ታችኛው ምላስ፣ የጫፉ ምላስ፣ ወደ ግድግዳው ተጣጥፎ ተኝቷል። ሞላ አንዴ ከልኩ በላይ ከታጠፈ አይመለስም። ብናኝ የሆነውን ችግር የብረት ችግር አደረግሁት። ስልኩ በርቶ ቢሆን ደግሞ መርፌው ሁለት ምላስ አገናኝቶ የባሰ ጣጣ ያመጣ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ያሉት በሽታዎች ከብናኝ ይልቅ የተሳሳተ ግንዛቤ ናቸው፤ የተሳሳተው ስልኩ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ቀዳዳው ውስጥ ድምፅ የማያሳልፍ ተጨማሪ ምላስ አለ፤ ሥራው ሹል መግባት አለመግባቱን መናገር ብቻ ነው፣ እንደ በር ጠባቂ። ጠባቂው በጨው ወይም በእርጥበት ከተጣበቀ ስልኩ ኤርፎን የሌለበትን ጊዜ ኤርፎን አለ ብሎ ያምናል። ስክሪኑ ላይ የኤርፎን ምልክት ይታያል፣ ሲደወል ሰው «ሃሎ ሃሎ» ይላል፣ ስፒከሩ ዝም። በየሱቁ ስፒከር የሚቀየርላቸው ስንት ስልኮች በዚህ ምክንያት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ሹሉን ደጋግሞ ማስገባት ማስወጣት፣ ካልሆነ አልኮል፣ ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት። እስኪስተካከል ድረስ ጥሪን በስፒከር ቁልፉ ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል።

ሁለተኛው አስቂኝ ነው። የእህቴ ልጅ ክረምት ላይ ስልኳ «ጂን ገባበት» አለችኝ። ኤርፎን ስትሰካ ዘፈኑ ራሱ ይቆማል፣ ራሱ ይቀጥላል፣ ድምፁ ራሱ ይቀንሳል፣ አንዳንዴ ማንም ሳይጠራት የስልኩ ረዳት ብቅ ብላ «ምን ልርዳ» ትላለች። ጂኑ ውሃ ነበር። የኤርፎኑ ገመድ ላይ ያሉት ቁልፎች የራሳቸው ሽቦ የላቸውም፤ ሁሉም በማይክሮፎኑ መስመር ላይ ተጋርተው ነው የሚሠሩት። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን የማይክሮፎኑን መስመር ከግራውንዱ ጋር በተለያየ የኤሌክትሪክ መቋቋም (ኦም) ያገናኘዋል። በአንድሮይድ ስልኮች ማቆሚያና ማስጀመሪያው ዜሮ ኦም አካባቢ ነው፣ ድምፅ መጨመሪያው 240፣ መቀነሻው 470፣ ረዳት መጥሪያው 135 ያህል። ስልኩ ኦሙን ለክቶ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ይገምታል። ዝናብ የነካው፣ ላብ የገባበት ቀዳዳ ውስጥ ያለ እርጥብ ቆሻሻም በማይክሮፎኑና በግራውንዱ መሐል ሆኖ ኦሙ ይዋዥቃል፤ ወደ እነዚያ ቁጥሮች በተጠጋ ቁጥር ስልኩ ቁልፍ የተነካ መስሎት ይታዘዛል። ልጅቷ ስልኩን ሩዝ ውስጥ ቀብራው ነበር። ሩዝ አቧራውን ከመጨመር በቀር ቀዳዳ ውስጥ የገባን የላብ ጨው አያወጣም። አልኮልና ጥቂት ትዕግሥት አወጣው።

ከስልኩም ከኤርፎኑም ያልሆነ አንድ ጠብ ደግሞ አለ። ባለ አራት ክፍሉ ሹል ሲመጣ ስልክ ሠሪዎች ግራውንዱና ማይክሮፎኑ የትኛው የቱ ጋ ይሁን በሚለው አልተስማሙም ነበር። የቆዩ ኖኪያዎች በአንደኛው ወገን፣ የዛሬዎቹ ስልኮች በሌላኛው ሆኑ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የድሮ ኤርፎን አዲስ ስልክ ላይ ሲሰካ ማህሙድ እንደገና ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ይወጣል፣ ሲለቁት ይገባል። እንዲህ ካደረገ ቀዳዳው ንጹሕ ነው፤ ኤርፎኑን ለቆየ ስልክ ይስጡት።

ማጽዳትም ማስታረቅም ያልፈወሰው ካለ የቀረው ብረቱ ራሱ ነው፤ የደከመ ሞላ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ ወይም ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የሹል ጫፍ። ለተሰበረው ጫፍ ሰው ስቴኪኒ ላይ ሱፐር ግሉ ቀብቶ ይሞክራል፤ ሲሳካ ጀግና ነው፣ አንዲት ጠብታ ምላሶቹ ላይ ከደረሰች ግን ቀዳዳው በጠቅላላ ተዘጋ። እኔ ይህን ለሠሪ ነው የምተወው። ብየዳው የተሰነጠቀ ከሆነ ሹሉን በጣት ወደ አንድ ጎን ሲጫኑት ድምፁ ይመጣል፣ ሲለቁት ይሄዳል። ቀዳዳውን መቀየር ይቻላል፤ በአንዳንድ ስልክ በራሱ የቆመ ትንሽ ዕቃ ሆኖ በሁለት ቡሎን ወጥቶ ይገባል፣ በሌላው ከቻርጀሩ ጋር አንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ተቀምጧል፣ በሌላው ዋናው ቦርድ ላይ ተበይዷል። ጀርባው በቡሎንና በቁልፍ የሚከፈት ስልክ ላይ የመጀመሪያውን ራስዎ ቢሞክሩት አልቃወምም። የባትሪውን ሶኬት ከሁሉ በፊት ያላቅቁ። ጀርባው በሙጫ የተያዘውን ግን ይተዉት፤ የፀጉር ማድረቂያና ስል ብረት ከሊትየም ባትሪ አጠገብ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ የገዛ ሳሎንዎ ትክክለኛው ቦታ አይደለም።

ሠሪው ጋ ሲሄዱ «አይሰራም» ብለው ብቻ አይስጡት። «በሁለት ኤርፎን ሞክሬዋለሁ፣ ግራው ብቻ ነው የጠፋው፣ አጽድቼዋለሁ፣ ወደ ጎን ስጫነው ይመጣል» ይበሉት። ይህን የሰማ ሠሪ «ፍላሽ ይደረግ» አይልም። ፍላሽ ማለት ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ምን ጊዜም ምላስ አቃንቶ አያውቅም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ መልሶ እንዲሰጥዎም ይጠይቁ፤ ስድብ አይደለም፣ ጎማ ያስቀየረ ሰው አሮጌውን ጎማ ይዞ እንደሚሄደው ነው። ለመቀየር አቅሙ ወይም ጊዜው ከሌለ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ለቀረው ስማርት ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ሥር «ሞኖ ኦዲዮ» አለ። ሲበራ የሁለቱም ጆሮ ድምፅ ተቀላቅሎ በደህናው በኩል ይመጣል፤ የጊታሩ ግማሽ እየጎደለ ከማዳመጥ ይሻላል።

የጋሼን ስልክ አብርቼ ሹሉን ሰካሁ። ቀጭ። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ሺታው የለም። ዘፈኑን ከፈትኩና ኤርፎኑን ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ቀኙን ብቻ ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ፣ ግራውን ደረታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ጥቂት ቆዩና እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«መጣ!»

«ግራውንም ይሞክሩት እንጂ፣ ጋሼ። ሁለቱም መሥራታቸውን እንይ።»

ግራውን ግራ ጆሯቸው ውስጥ አደረጉ፣ ቀኙን አወጡ፣ ፊታቸው ጨለመ። «ይሄ የለም» አሉ። እኔም ደነገጥኩ፤ ስቴኪኒዬ የጫፉን ምላስ ነክቶት ይሆን? ኤርፎኑን ተቀብዬ ግራውን በእኔ ግራ ጆሮ ሰማሁት፤ ሳክስፎኑ ጥርት ብሎ አለ። መልሼ ሰጠኋቸውና ያንኑ ግራውን በቀኝ ጆሯቸው እንዲያደርጉት ለመንኳቸው።

«አለ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። ከዚያ ሳቁ። «ተወው። እሱ ጆሮ እንኳን ዛሬ፣ ከወታደር ቤት ጀምሮ አይሰማም።»

ስልኩን በመሐረቡ ጠቅልለው ከመውጣታቸው በፊት ግራጫዋን ቆብ ከመሐረቡ ላይ አራግፈው በሩ ጥግ ጣሏት።